አንቺ በአንድ ቀን ትገቢያለሽ፤ ባለቤትሽስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ እንደምን አሉ? የምኖረው ቶሮንቶ ነው። የካናዳ ዜጋ ነኝ። ነርሲንግ የተማርኩት ኢትዮጵያ ነው። እዚህ መጥቼ ፈተናውን አልፌ ከ2019 ጀምሮ ኦንታሪዮ ውስጥ ሬጂስተርድ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ሆስፒታል ሊቀጥረኝ ነው። ‹ቲኤን በሚባለው ትገቢያለሽ፣ በአንድ ቀን ያልቃል› አሉኝ። ዳላስ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ኤች ዋን ቢ ካልሆነ እንዳትሞክሪ› ይላል። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ስፖንሰር አድርጌ ካመጣሁት ሁለት ዓመት ሆነው፤ ገና ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ነው፣ ፓስፖርቱም የኢትዮጵያ ነው። አካውንቲንግ ዲግሪ አለው፤ እዚህ ግን ዌርሃውስ ነው የሚሠራው። እዚህ የተወለዱ ሁለት ልጆች አሉን። ሁላችንም አብረን መሄድ እንችላለን? በዚህ መንገድ ግሪን ካርድ ይገኛል? ሥራዬንስ መቼ ልልቀቅ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ሥራሽን እንዳትለቂ። ገና ነው። ሆስፒታሉ «በአንድ ቀን ያልቃል» ያለሽ ውሸቱን አይደለም። ግን የነገሩሽ ስለ መጨረሻዋ ቀን ብቻ ነው። ከዚያች ቀን በፊት ወራት የሚበላ ወረቀት አለ። የባለቤትሽ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ዶሴ ነው።

የወንድምሽን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ኤች ዋን ቢ በዓመት 85,000 ሰው ብቻ የሚያስገባ፣ በዕጣ የሚሰጥ ቪዛ ነው። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጭኖበታል። ከዚያም በላይ ዋርድ ውስጥ የምትሠራ ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ለኤች ዋን ቢ አትበቃም፤ በብዙ ስቴቶች የነርስ ላይሰንስ ለማውጣት የባችለር ዲግሪ ግዴታ ስላልሆነ። ወንድምሽ አሳቢ ነው፣ ግን ምክሩ ለሶፍትዌር ልጆች እንጂ ላንቺ አይሆንም። ቲኤን ግን የካናዳ ባለሙያ አሜሪካ ገብቶ እንዲሠራ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ ኮታ የለውም፣ ዕጣም የለውም። የብስ ድንበር ላይ ክፍያው 50 ዶላር ነው፤ ለመግቢያ መዝገቡ ትንሽ ይጨመርበታል።

ቲኤን የመጣው ከናፍታ ጋር ነው። ካናዳ፣ አሜሪካና ሜክሲኮ የንግድ ስምምነታቸውን በ1994 ሥራ ላይ ሲያውሉ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ባለሙያም ይሻገር ተባለ። የሙያ ዝርዝርም ወጣ፤ ስልሳ የሚሆኑ ሙያዎች አሉበት። በጁላይ 1 ቀን 2020 ናፍታ ቀርቶ አዲሱ ስምምነት ሲተካ (አሜሪካኖቹ ዩኤስኤምሲኤ፣ ካናዳዎቹ ኩስማ ይሉታል) ዝርዝሩ እንዳለ ተላለፈ። ስለዚህ ዛሬም የሚሠራበት ኢንተርኔት ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን የተጻፈ ዝርዝር ነው። ደን ጠባቂ ባለሙያ አለበት፣ የሆቴል ማናጀር አለበት፤ «ፕሮግራመር» የሚል ግን የለም። ሐኪም አለ፤ ግን ለማስተማርና ለምርምር ብቻ እንጂ በሽተኛ ለማከም አይደለም። መምህር አለ፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ብቻ። ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ አይጠቅምሽም።

ያንቺ አለ። «ሬጂስተርድ ነርስ» ይላል፤ የሚጠይቀውም የስቴት ወይም የፕሮቪንስ ላይሰንስ ነው። እዚህ ላይ ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ። ኦንታሪዮ ውስጥ አርፒኤን የሆናችሁ፣ ማለትም ሬጂስተርድ ፕራክቲካል ነርስ፣ በስሙ እንዳትሸወዱ። «ሬጂስተርድ» የሚል ቃል አለው እንጂ በአሜሪካ ዓይን ያ ኤልፒኤን (ከሬጂስተርድ ነርስ ዝቅ ያለ ፈቃድ ያላት ነርስ) ነው፤ ኤልፒኤን ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ፒኤስደብሊውም (የበሽተኛና የአረጋዊ ተንከባካቢ) እንደዚያው። በአንድ ፊደል ልዩነት ድንበር ድረስ ደርሶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ሁለተኛው መስፈርት ዜግነት ነው። ፒአር ካርድ አይበቃም፤ የካናዳ ፓስፖርት ያስፈልጋል። የት ተወለድሽ፣ መቼ ዜጋ ሆንሽ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ብዙ ወገኖቻችን ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ፓስፖርታቸውን ላለመጣል ብለው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በፒአር ይቀመጣሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ቢጫ ካርድ መኖሩ ለአንዳንዱ አያጽናናውም። ግን ቲኤን ለእነሱ ዝግ ነው። ይህን የማነሳው በኋላ ባለቤትሽ ጋ ስለምንመለስበት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሆስፒታሉ ያልነገረሽ ነገር ቪዛስክሪን ይባላል። የውጭ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ አሜሪካ ገብቶ ለመሥራት ትምህርቱ፣ ላይሰንሱና እንግሊዝኛው ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ለካናዳ ዜጋም ቢሆን አይቀርም። ይህን ሳትይዢ ድንበር ብትሄጂ መኮንኑ ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን ያስገባሽ ዘንድ ሕጉ አይፈቅድለትም።

ችግሩ ያለው አንቺ የተማርሽው ኢትዮጵያ መሆኑ ላይ ነው። ካናዳ የተማረች ጓደኛሽ ትምህርት ቤቷ ቶሮንቶ ነው፤ ኢሜይል ልካ ትጨርሳለች። ያንቺ ትራንስክሪፕት ግን ከተማርሽበት ኮሌጅ በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በራሱ በኮሌጁ በኩል ነው መሄድ ያለበት። ቤትሽ ያለው ኮፒ፣ በውጭ ጉዳይ የተረጋገጠው ሳይቀር፣ አይሠራም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሙያ ፈቃድ ከነበረሽ የዚያም ማረጋገጫ ይጠየቃል። እንግሊዝኛውም አለ። ካናዳ ውስጥ ከኩቤክ በስተቀር በእንግሊዝኛ ነርሲንግ የተማረ ሰው ከፈተናው ነፃ ነው። አንቺ ግን መሠረታዊ የነርስ ትምህርትሽ ኢትዮጵያ ስለሆነ ቶሮንቶ ውስጥ ስንት ዓመት ብትሠሪ ትፈተኛለሽ። አይልትስ ከመረጥሽ ለነርስ የሚፈለገው በአጠቃላይ 6.5፣ በንግግር ደግሞ 7.0 ነው። ሰው ንግግሩን ይንቀዋል። ቀኑን ሙሉ ከበሽተኛ ጋር ስታወሪ ትውያለሽና ይከብደኛል ብለሽ አታስቢም፤ ግን ሳትለማመጂ እንዳትገቢ።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። ኦንታሪዮ ከ2015 ጀምሮ ነርሶቿን የምትፈትነው አሜሪካ በምትፈትንበት በኤንክሌክስ ነው። አንቺ በ2019 የገባሽ ስለሆንሽ ፈተናውን አልፈሻል ማለት ነው። የሜሪላንድን ላይሰንስ ያለ አዲስ ፈተና በማዛወር ማውጣት ትችያለሽ። ከ2015 በፊት በድሮው የካናዳ ፈተና ያለፉ እህቶች ግን አብዛኛው ስቴት ኤንክሌክስ ውሰዱ ይላቸዋል።

ስለ ስምና ቀን ትንሽ ላውራ፤ እኛን አበሾችን እንደዚህ የሚያስቸግር የለም። አንዲት ደንበኛዬ በካናዳ ፓስፖርቷ የተወለደችው በ1984 ነው። ከአገር ቤት የመጣው ዲፕሎማ ደግሞ የተመረቀችው በ1999 ነው ይላል። ወረቀቱን ያየው ሰው «በ15 ዓመትሽ ነው ነርስ የሆንሽው?» አላት። 1999 በእኛ አቆጣጠር መሆኑን የጻፈ የለም። ትርጉሙ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሰፍር አድርጊ። ስምም እንደዚያው ነው። ፓስፖርቱ ላይ አያት ተጨምሮ ሦስት ስም፣ ዲፕሎማው ላይ ሁለት። ጽዮን አንዱ ወረቀት ላይ በቲ ትጀምራለች፣ ሌላው ላይ በዜድ። የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አስቀድመሽ አሠሪ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ቀጥሎ የቅጥር ደብዳቤው። የቲኤን ሙሉ ሕይወት ያለው እዚያ ሁለት ገጽ ላይ ነው። መኮንኑ አንቺን አያውቅሽም፤ ሆስፒታሉንም አያውቀውም። ቆሞ ደብዳቤውን ያነባል፣ ጥቂት ይጠይቃል፣ ይወስናል። ደብዳቤው የሙያውን ስም ልክ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ መጥራት አለበት። በየቀኑ የምትሠሪውን በአጭሩ፣ የሚቆየውን ጊዜ፣ ትምህርትሽንና ላይሰንስሽን፣ የሚከፈልሽንም መናገር አለበት። ጊዜው እስከ 3 ዓመት ሊጠየቅ ይችላል። ሲያልቅ እንደገና ይታደሳል፤ ስንት ጊዜ የሚል ጣሪያም የለውም።

ባለፈው ጊዜ ከሃሚልተን የመጣች ነርስ፣ እኔ ሳላየው በያዘችው ደብዳቤ፣ በፒስ ብሪጅ ወደ ቡፋሎ ተሻገረች። ወረቀቷ ሁሉ የተሟላ ነበር። መኮንኑ ደብዳቤውን አንብቦ በመስኮቱ በኩል ወደ እሷ አዞረው። በእስክሪብቶ አንድ ቃል አስምሮበት ነበር፦ «ፐርማነንት»። የሆስፒታሉ ኤችአር ለሁሉም ሠራተኛ የሚልከውን የተለመደ ደብዳቤ ነው የላከላት፤ «ቋሚ፣ የሙሉ ጊዜ የሥራ መደብ» ይላል። ቲኤን ደግሞ ጊዜያዊ ነው። መኮንኑ አልተቆጣም፣ አልጮኸም። «አስተካክለሽ ነይ» ብሎ መለሳት። ካናዳ በኩል ቲም ሆርተንስ ተቀምጣ፣ ቡናዋ እየቀዘቀዘ፣ ኤችአር ስልክ እስኪያነሳ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ማታ የተስተካከለው ደብዳቤ መጣላት፣ በማግስቱ ገባች። በእሷ ላይ የደረሰው ያ ብቻ ነው። ግን ያን ዕለት ቤቷን አስረክባ፣ ሥራዋን ለቅቃ፣ ዕቃዋን ጭና ነበር። ማስተካከያውን እምቢ ብለው ቢሆንስ?

ስለ ዕቃ ካነሳን፦ ሶፋና አልጋ ጭነሽ ድንበር እንዳትሄጂ። «ለጊዜው ልሠራ ነው» የሚል ሰው ሶፋ አይጭንም። የቶሮንቶ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የባለቤትሽ የሥራ ደብዳቤ ቢኖርሽ ይዘሽ ሂጂ። ምናልባት አይጠይቁሽም። ከጠየቁሽ ግን ካናዳ የሚመልስሽ ነገር እንዳለ ማሳየት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

በየት ትገቢያለሽ? በመኪና ከሆነ ፒስ ብሪጅ ይመችሻል፤ ቲኤን በየቀኑ ስለሚያዩ ሥራውን ያውቁታል። በአውሮፕላን ከሆነ ፒርሰን ኤርፖርት ላይ የአሜሪካ መኮንኖች ራሳቸው ቶሮንቶ ውስጥ ተቀምጠው ይፈትሻሉ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ፒርሰንን እመርጣለሁ። እምቢ ቢሉሽ እንኳ ያለሽው ካናዳ መሬት ላይ ነው፤ ጥያቄዬን ትቻለሁ ብለሽ ባቡር ተሳፍረሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። የሚጎዳሽ ትኬቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ትኬቱን ቀኑ የሚቀየር አድርጊው፤ በረራው ከመነሳቱም ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ከፈለጋችሁ ሆስፒታሉ አስቀድሞ በፖስታ ለኢሚግሬሽን ማመልከት ይችላል። ይህ ፈራ ተባ ለሚል ቀጣሪ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻ ቃል ያለው ግን ያው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው።

ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያ ሥራሽ አይ ናይንቲ ፎር የሚባለውን የመግቢያ መዝገብ ከድረ ገጹ ላይ ማውጣት ነው። ደብዳቤው 3 ዓመት ቢልም የሚቆጠረው እዚያ ላይ ያለው ቀን ነው። ፓስፖርትሽ ሊያልቅ ከሆነ መኮንኑ ቀኑን በፓስፖርቱ ልክ ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርትሽን አሁኑኑ አሳድሺ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ባለቤትሽ።

ልጆችሽ ቀላል ናቸው። የካናዳ ዜጎች ስለሆኑ ከአንቺ ጋር በዚያው ቀን፣ በዚያው መስኮት ቲዲ በሚባለው የቤተሰብ ፈቃድ ይገባሉ። ፓስፖርታቸውን፣ የወላጅ ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት ያዢ። አባታቸው አብሮ ካልሄደ ፈቃዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርሞ በኖተሪ ያስመሰክር። ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ችግር የለም።

ባለቤትሽም ቲዲ ማግኘት ይችላል። ዜግነት ለቲኤን እንጂ ለቲዲ መስፈርት አይደለም። ግን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ስለሆነ ድንበር ላይ ሄዶ አይጠይቅም። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ቀጠሮ ይዞ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ፣ ቪዛ ማስመታት አለበት። ያንቺን አይ ናይንቲ ፎርና ደብዳቤ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን ይይዛል። ቀጠሮው ረጅም ሊሆን ይችላል። ቆንስላዋ የምትጠይቀውን ከአሁኑ ልንገርህ በይው፦ «ሚስትህም ልጆችህም አሜሪካ ናቸው። ካናዳ ምን ይመልስሃል?» መልስ ያስፈልገዋል።

በጁላይ 2025 ደግሞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጡ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች የ3 ወርና የአንድ መግቢያ ብቻ እንዲሆኑ ተደርጓል። ይህ ማለት በ3 ወር ይወጣል ማለት አይደለም፤ የሚቆይበትን ቀን የሚወስነው አይ ናይንቲ ፎሩ ነው። ግን አንዴ ከወጣ መመለሻው ያሳስባል። ለቶሮንቶ ሰርግ ብቻ ብሎ ቢመጣ አንድ መውጫ አለ፦ ወደ ካናዳ ብቻ ሄዶ በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሰና አይ ናይንቲ ፎሩ ካላለፈበት፣ በተቃጠለ ቪዛም ቢሆን መግባት ይፈቀድለታል። እዚያ እያለ አዲስ ቪዛ ካመለከተ ግን ይህ መብት ይቀርበታል። ይህን የማያውቅ የአየር መንገድ ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ ሕጉን አትሞ ኪሱ ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ቲዲ ሥራ አይፈቅድም። አንድ ሰዓትም ቢሆን። ኡበርም፣ ማድረስም፣ የዘመድ ሱቅ ካሽየር መቆምም አይቻልም። መማር ይችላል። ሁለት ልጅ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ፣ አንድ ደሞዝ። የነርስ ደሞዝ ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ቤት ተቀምጦ መዋል ለኛ ወንዶች ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያጣላው ነገር ነው፤ ይህን እንደ ሕግ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ጋሼ ነው የምልሽ።

አሁን የኔን ሐሳብ ስሚኝ። ካናዳ ዜጋ ለመሆን ከማመልከቱ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ በአካል መኖር አለበት። ሁለት ዓመት ከሆነው 730 ያህሉን ጨርሷል፤ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሜሪላንድ ከሄደ ሰዓቱ ይቆማል። ፒአሩን አያጣም፤ ዜጋ ከሆነች ሚስቱ ጋር ውጭ የኖረበት ቀን ለፒአር ግዴታው ይቆጠርለታል። ለዜግነት ግን አይቆጠርም። ዜጋ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ቆንስላ መሄድ ቀረ፤ ከአንቺ ጋር በመስኮቱ ይገባል። ከዚያም በላይ አካውንታንት ዝርዝሩ ላይ አለ! የራሱን ቲኤን ያወጣል፣ በሙያው ይሠራል። ዌርሃውስም ቲዲም ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩ። ዲግሪው ስንት ዓመት የፈጀ ነው? ፍሬሽማን ቀርቶ በነበረበት ዘመን በሦስት ዓመት ከተመረቁት ከሆነ የዲግሪ ገምጋሚዎች «የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት» ብለው ብቻ ሊያልፉት ይችላሉ። ቲኤን ደግሞ ሙሉ የባችለር ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ለአካውንታንት ሌላ በር አለ፤ ሲፒኤ የሚባለው የተመሰከረለት አካውንታንት ማዕረግ ያለው ሰው በሱ ይገባል። እንግዲህ የሚቀረውን አንድ ዓመት ዌርሃውስ ብቻ ከሚያሳልፍ ዲግሪውን ያስገምግም፤ ከጎደለው የማታ ኮርስ ይጀምር።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ሆስፒታሉን ጊዜ ጠይቂ። ቪዛስክሪኑ ወራት ስለሚወስድ ለማንኛውም መጠበቅሽ አይቀርም፤ ያ ጊዜ ለባለቤትሽ ቀን ይቆጥርለታል። ከዚያ የሚቀረው ጥቂት ወር ከሆነ አንቺ ቀድመሽ ግቢ፣ እሱ ቶሮንቶ ይቆይ። ከዋሽንግተን ቶሮንቶ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የነርስ ሺፍት በሦስት ቀን ይታጠፋል። ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሰዎች አብረን ካልሄድን ብለው ሁሉንም በአንዴ ሲነቅሉ ነው የማየው፤ ከዚያ ባልየው ዜግነቱን በ900 ቀን ላይ ጥሎ ሦስት ዓመት ሶፋ ላይ ይቀመጣል።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የኛ ነርሶች ሁለተኛ ጆብ ይወዳሉ። ቲኤን ከአንድ ቀጣሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጎረቤት ነርሲንግ ሆም ሺፍት ማንሳት የምትችይው ያ ነርሲንግ ሆም የራሱን ደብዳቤ ጽፎ፣ አንቺም የራሱን ቲኤን ካወጣሽ ብቻ ነው። ሥራ ስትቀይሪም እንዲሁ፤ አዲሱ ሳይፈቀድ አትጀምሪም። ደረሰኝ ይዞ መጀመር የኤች ዋን ቢ ነገር ነው። በኤጀንሲ በኩል ከሆነ ኤጀንሲው ራሱ እንደ ሠራተኛው ቀጥሮ ግብር የሚቆርጥልሽ ይሁን። «በራስሽ ኮንትራክተር ሆነሽ» ካሉሽ ጥለሽ ውጪ፤ ቲኤን ለራሱ ለሚሠራ ሰው አይሰጥም። ከሥራ ብትቀነሺ ሌላ ለመፈለግ ወይም ለመውጣት እስከ 60 ቀን አለሽ። አይ ናይንቲ ፎሩ ከዚያ በፊት ካለቀ ግን በሱ ነው።

ግሪን ካርድ? በቲኤን ውስጥ የለም፤ ከጎኑ ግን አለ። ነርስ ዕድለኛ ናት። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነርስ እንደሚያጥር አስቀድሞ ስለመዘገበ ቀጣሪው «አሜሪካዊ ፈልጌ አጣሁ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ ያመለክትልሻል። ያ ቪዛስክሪን እዚያም ያገለግላል፤ 5 ዓመት ይሠራል። ካናዳ ሆነሽ ከጠበቅሽ ቃለ መጠይቁ ሞንትሪያል ነው። ወረፋው የሚቆጠረው በተወለድሽበት አገር ስለሆነ እንደ ህንድና ፊሊፒንስ ተወላጆች አይረዝምብሽም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ሁለቱ ሲጋጩ ነው። ቲኤን «እመለሳለሁ» ያለ ሰው ፈቃድ ነው። ሆስፒታሉ ግሪን ካርድ ካመለከተልሽ በኋላ በሚቀጥለው ድንበር ስታልፊ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሆነሽ የመጨረሻውን ፎርም፣ ኢንግሊዝኛው አይ ፎር ኤይቲ ፋይቭ የሚለውን፣ ካስገባሽ ደግሞ የጉዞ ፈቃድ ሳይሰጥሽ አትውጪ፣ ቲኤን አድሳለሁም ብለሽ አታስቢ። የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ሦስት ዓመቱን በሙሉ ማሳደስ፣ ከዚያ ማመልከት ነው። ከተጠየቅሽ ደግሞ አትዋሺ። እምቢ መባል በሌላ ቀን ይስተካከላል፤ ውሸት ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ኦሂፕ (የኦንታሪዮ የሕክምና መድን)፦ ኦንታሪዮ ውስጥ በ12 ወር 153 ቀን ካልኖርሽ ይቋረጣል። ሆስፒታሉ ኢንሹራንስሽን ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምር አስጽፊ። ግብሩን ሁለቱንም አገር ለሚያውቅ ሰው ስጪ፤ ባለቤትሽና ቤትሽ ቶሮንቶ እያሉ ካናዳ በቀላሉ አትለቅሽም። ቲኤንን የፈቀደው የንግድ ስምምነት ራሱ በሦስቱ አገሮች የሚገመገምበት ቀን ጁላይ 1 ቀን 2026 ተብሎ ተወስኗል፤ ዜናውን ተከታተይ እንጂ በሱ ምክንያት አትቸኩዪ።

ዛሬ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፤ ቪዛስክሪኑን ክፈቺ። ኮሌጅሽ ባለበት ከተማ ዘመድ ካለሽም ደውይለት። ኢሜይል ብቻ ልከሽ እንዳትቀመጪ፤ ሬጅስትራሩ ቢሮ በር ላይ ሄዶ የሚቆምልሽ ሰው ያስፈልግሻል።